ጭረት የሌለው ዥዋዥዌ

ነርስ ሳልሆን «ሲስተር» ተብዬ ጡረታ ወጣሁ። አሶሳ ውስጥ «የሲስተር ለሊሴ ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አይጠፋበትም። መርፌ ወግቼ ግን አላውቅም፤ መርፌ የያዝኩት ሸራ ለመስፋት ብቻ ነው። መጀመሪያ አካባቢ «ኧረ እኔ ሲስተር አይደለሁም» እያልኩ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ሰዎቹ «እሺ ሲስተር» ሲሉኝ ተውኩት።

እውነተኛው ሥራዬ አጭር ስም አልነበረውም። የማይናገሩ፣ ሰውን ዓይን ለዓይን የማያዩ፣ ቀኑን ሙሉ የሚወዛወዙ ወይም እጃቸውን የሚነክሱ፣ ድምፅ ሲበዛባቸው ጆሯቸውን ይዘው የሚጮኹ ልጆች ያሉበት ቤት እየሄድኩ ሰውነታቸውን የሚያሳርፍላቸው መጫወቻ መምረጥና ማሠራት ነበር። ልጆቹ ዕቃ አይበረክትላቸውም። ይነክሳሉ፣ ይወረውራሉ፣ አንድን ነገር ሺህ ጊዜ ይጎትታሉ። ስለዚህ ልጁ የሚወደውን ማወቅ ግማሹ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ ያ ነገር በልጁ እጅ እንዲከርም ማድረግ ነው። ዛሬ ኦቲዝም የሚለው ቃል በሬዲዮም ይሰማል። ያኔ እኛ ዘንድ ቃሉን የሚያውቅ አልነበረም። ቤተሰቡ «ጂን ነው» ይል ነበር፣ ጎረቤቱ «እርግማን ነው»፤ እኛ ቢሮ ደግሞ «ልዩ ድጋፍ የሚሹ» ብለን ጽፈን ማኅደሩን እንዘጋው ነበር።

የተወለድኩት ወለጋ ነው። መንዲ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ባለቤቴ ወደ አሶሳ ሲመደብ እኔም ተከትዬው መጣሁ። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። ከተማው በአንድ ጊዜ በቢሮ ተሞላ፤ ማኅተሙ ከወንበሩ ቀድሞ የደረሰበት ጊዜ ነው። እኔ የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት ሦስት ሠራተኞች በሁለት ወንበር እንቀመጥ ነበር፤ አንዳችን ሁልጊዜ መስክ ላይ ስለምንሆን ብዙም አልተጣላንም። ደመወዙ ከመምህርነቱ እምብዛም አይበልጥም፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

የመጀመሪያው አለቃዬ አቶ ታደሰ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ማስመሪያ ከእጃቸው አይለይም። መስመር ያልተሰመረበት ወረቀት ላይ ምንም ነገር አያምኑም። የቤተሰቦቹን ዝርዝር ሰጡኝና «አንቺ የሕፃናት መምህር ነሽ፤ እነዚህ ልጆች ያንቺ ናቸው» አሉኝ። ምን እንደማደርግላቸው እሳቸውም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ያወቀው ከግቢው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ወርክሾፕ ውስጥ ክራንች የሚሠራው ሰው ነው።

ሼህ ኢብራሂም የበርታ ሰው ናቸው። አልጋ፣ ወንበርና የከብት በረት ሲሠሩ አርጅተው ነው ቢሮው የቀጠራቸው። አማርኛን ገበያ ውስጥ ስለተማሩት ሴትና ወንድ አይለዩበትም፤ እኔንም «አንተ» ይሉኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ሳቅሁ፣ በሁለተኛው ለመድኩት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው «አንቺ» ሲለኝ የተቆጣኝ ይመስለኝ ጀመር።

አብረን መጀመሪያ የሄድነው ባምባሲ ነው። በሩን የሚበላ ልጅ አለ ተብለን ነበር። እኔ ከገበያ ባለ ቀለም ዶቃና የላስቲክ ኳስ ገዝቼ፣ ገና ከመድረሴ ልጁ ፊት ዘረገፍኩት። ልጁ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሼህ ኢብራሂም ከበሩ ደፍ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ለሊሴ፣ ቁጭ በል» አሉኝ።

«ምን ልሠራ?»

«ምንም አትሥራ። እይ።»

ረፋዱን ሙሉ ቁጭ አልን። እኔ እግሬ ደነዘዘ፤ እሳቸው የሚያዩትን እንጃ። በኋላ ተነሡና የበሩን መቃን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከልጁ አፍ ቁመት ላይ እንጨቱ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ከዚያ በታች ደግሞ እጁ የሚያርፍበት ቦታ በወዝ ጠቁሮ ያብረቀርቃል።

«ይሄ ልጅ ምን እንደሚፈልግ አንተ ትጠይቃል። እሱ ነግሮሃል። የጨረሰውን ነገር እይ። ሰው የሚፈልገውን ነው የሚጨርሰው።»

ወይራ ቆርጠው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ወደ ጉሮሮ እንዳይገባ ረዘም ያለ መንከሻ ሠሩለት። ወይራ ሰው ጥርሱን የሚፍቅበት ስለሆነ አይመርዝም፣ አይሰነጠቅምም። ፍቀው፣ በአሸዋ አሽተው፣ ቀቅለው አደረቁት። የልጁ እናት ለወራት በሩን ማደስ አላስፈለጋትም።

ከዚያ በኋላ እኔም ማየት ጀመርኩ። ግድግዳ ተደግፎ የሚወዛወዝ ልጅ ግድግዳው ላይ ልሙጥ ቦታ ይተዋል። ጠባብ ቦታ ገብቶ ተጣብቆ መቀመጥ የሚወድ ልጅ ጆንያ መካከል ይገኛል፤ ለእሱ ጭኑ ላይ የሚቀመጥ ከባድ ከረጢት እንሰፋለን። የመጀመሪያውን ከረጢት በማሽላ ሞላሁት፤ በሳምንቱ አይጥ ቤተሰቡን ሙሉ እንቅልፍ ነሣቻቸው። ሁለተኛውን በአሸዋ ሞላሁት፤ አሸዋው ከስፌቱ እየወጣ ልጁ በላው። ሦስተኛው በታጠበ የወንዝ ጠጠር፣ በድርብ የድንኳን ሸራ፣ ስፌቱ ወደ ውስጥ ተደርጎ ተሠራ። ያ ከረጢት ዛሬም አለ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ጠጠሬን የለቀምኩት ሁለቴ ካፈሰስኩ በኋላ ነው።

ዋናው ዕቃችን ግን ዥዋዥዌ ነበር። የቆላችን ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፤ የተሸከመውን አይጥልም። ነገር ግን ለጋውን ከቆረጡት ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ በክረምት ከቆረጡት ነቀዝ ይጨርሰዋል። ሼህ ኢብራሂም በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ያዳምጡና «ይሄ ገና ልጅ ነው» ብለው ያልፉታል። ሦስት ዓመት ያልሞላውን አይነኩም። በበጋ ቆርጠው፣ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ጭነውበት ሳምንታት ከርሞ፣ ከዚያ በጥላ ይደርቃል። በሁለት ቀርከሃ መካከል ጠፍር እንደ አልጋ ይጠላለፋል፤ ልጁ ሊቀመጥበትም በሆዱ ሊተኛበትም ይችላል። ገመዱ ቀርከሃውን በሚነካበት ሁሉ ቆዳ ይጠቀለላል። ሲያልቅ ሼህ ኢብራሂም ራሳቸው አንድ ጆንያ እህል ታቅፈው ይወዛወዙበታል። ሽማግሌው ጢማቸውን ነፋስ እያውለበለበው ወዲያ ወዲህ ሲሉ አይቶ ያልሳቀ የግቢው ሠራተኛ አልነበረም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ዕቃዎቹ ለዐሥራ አንድ ቤተሰቦች ሲታደሉ አቶ ታደሰ ቁጥር ይጻፍባቸው አሉ። በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፍኩባቸው። የመረከቢያ ቅጽ ይሞላ አሉ፤ አስሞላሁ። ያልተማሩት እናቶች በጣት አሻራ ፈረሙ። ከራሴ ጨምሬም በየደጁ «የመንግሥት ንብረት ነው፤ አደራ፣ እንዳይበላሽ» አልኩ። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ እኔም ለማኅተሙ አዲስ ነበርኩ፤ ክብር ያለው አነጋገር መስሎኝ ነበር።

ከእናቶቹ አንዷ፣ እንደ ሼህ ኢብራሂም የገበያ አማርኛ የምትናገር የበርታ ሴት፣ አሚና ትባላለች፤ ከአሶሳ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ነው ቤቷ። ልጇ ሐዋ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። አትናገርም። እጇን ትነክሳለች፤ ካልያዟት ወደ መኪናው መንገድ ትሮጣለች፤ አንድ ጊዜ የጭነት መኪና ለጥቂት ስቷታል። አሚና እርሻ መውረድ ነበረባት፤ ባሏም እርሻ ስለሚውል ቤት የሚቀር ሰው የለም። ስለዚህ ሐዋን ከጓሮ ካለው የማንጎ ዛፍ ጋር በእግሯ ታስራት ነበር። ዥዋዥዌውን የሰጠናት ለዚህ ነው። ሐዋ እናቷ እግር ሥር ስትሮጥ፣ ስትወዛወዝና ከአልጋው ጠርዝ ላይ በሆዷ ስትንጠለጠል አይተናት ነበር፤ ሰውነቷ መወዛወዝ ካገኘ አትሮጥም፣ ገመዱም ይቀራል ብለን አሰብን።

ስድስት ወር ሲሞላ ለክትትል ዞርኩ። ሁልጊዜ እንደማደርገው ከአንድ ቀን በፊት መልእክት ላክሁ። በየቤቱ ዕቃው ተወልውሎ ጠበቀኝ። ቀርከሃው አልተጫረም፣ ጠፍሩ አልላላም። አሚና ቤት «ሐዋስ?» አልኩ፤ «ተኝቷል» አለችኝ። እኔም በቅጹ ላይ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብዬ ጻፍኩ። ዐሥራ አንድ ጊዜ ጻፍኩት። አቶ ታደሰ በስብሰባ ላይ ሪፖርቴን ከፍ አድርገው አሳዩና «አንድም ብልሽት የለም። ሥራ ማለት ይህ ነው» አሉ። አጨበጨቡልኝ። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወሬውን ለሼህ ኢብራሂም ልነግራቸው ወደ ወርክሾፑ ሮጥኩ። የክራንች እግር እየላጉ ነበር።

«አንዱም አልተሰበረም» አልኳቸው።

«ጠፍሩ አልጠቆረም?»

«እንደ ሰጠናቸው ነው።»

«ገመዱ አልተበላም?»

«ኧረ ምንም አልሆነም።»

መላጊያውን አስቀመጡ። እንደሚያመሰግኑኝ ጠብቄ ነበር፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ።

«ለሊሴ፣ ልጅ የተጫወተበት ዕቃ እንደዚህ አይሆንም። ነገ እንሄዳለን። መልእክት አትላክ።»

በማግስቱ ሳንናገር አሚና ቤት ደረስን። ዥዋዥዌው ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተሰቅሏል፤ በንጹሕ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ ቁጥሩ ብቻ እንዲታይ ሆኖ። ጓሮ ዞርን። ሐዋ ማንጎው ሥር ነበረች። ገመዱ ቁርጭምጭሚቷን ልጦታል። በገመዱ ልክ ዛፉን ስትዞር ስትዞር መሬቱ ክብ ሆኖ ተበልቷል፤ ሣር የለበትም፣ እንደ ተጠረገ አውድማ ለስልሷል። ሼህ ኢብራሂም ጎንበስ ብለው ያንን መሬት በእጃቸው ዳሰሱት፤ የባምባሲውን መቃን እንደዳሰሱት አድርገው። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

አሚና ከእርሻ ደርሳ ስታየን ደነገጠች። «ዥዋዥዌው ደህና ነው፣ ወላሂ፤ ግቡና እዩ» አለች።

«ለምንድን ነው ያልሰጠሻት?» አልኳት።

«ሲስተር፣ ይሄ አማና ነው። እኔ ወረቀት ላይ ጣቴን አድርጓል። ሐዋ ሁሉን ነገር ይሰብራል። ቢሰብር ምን እላለሁ? አላህስ ምን ይላል?»

አማና አደራ ማለት ነው፤ በእርሷ እምነት ሰው ያስቀመጠብሽን ዕቃ ጭረት ሳይነካው መመለስ ግዴታ ነው። እኛስ ብንሆን «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ስድብ አለን? ያንን ሸክም ፈርማ እንድትሸከም ያደረግኋት እኔ ነኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነባት። ስድስት ወር ሙሉ ልጇን እያሰረች የእኔን ቀርከሃ ስትወለውል ኖራለች። እኔ ደግሞ ያልተነካውን ዕቃ አይቼ ጠንካራ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ልጅቷን ሳላይ። እዚያው ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም የለም።

ሼህ ኢብራሂም ዥዋዥዌውን አውርደው አመጡ። አንሶላውን አጥፈው ለአሚና ሰጧትና ከወገባቸው ቢላ መዘው እጀታውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ቁረጥ።»

«ምኑን?»

«ቁጥሩ ላይ። ቅርፊቱን ብቻ፤ ሥጋውን አትንካ።»

ሳምንታት በወንዝ ያከረሙት፣ ጆንያ ታቅፈው የፈተኑት የገዛ ሥራቸው ነው። በነጩ ቁጥር ላይ አንድ ረጅም ጭረት አወረድኩ። ሼህ ኢብራሂም ወደ አሚና ዞረው መጀመሪያ በበርታኛ፣ ከዚያ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ተናገሩ።

«አየህ? ተበላሸ። ያበላሸው ለሊሴ ነው፣ አንተ አይደለህም። አማናው ዕቃው አይደለም። አማናው ልጁ ነው።»

አሚና ጭረቱን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ሄዳ ከሐዋ እግር ገመዱን ፈታች።

በዚያ ቀን ሐዋ ተረጋግታ ተወዛወዘች ብል ውሸት ይሆናል። መጀመሪያ ጮኸች። ጠፍሩን ነከሰችው። በሁለተኛው ሳምንት በግንባሯ ትገፋው ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት በሆዷ ተኝታበት፣ እጆቿ መሬት እየጠረጉ፣ ዓይኗን ጨፍና አገኘኋት። መሮጧ ወዲያው አልቀረም፤ አባቷና ጎረቤቶቹ ግቢውን በቀርከሃ አጠሩላት። በቀጣዩ ጉብኝቴ ያ ገመድ ፍየል ታስራበት አየሁት። ፍየሏ ስታላምጥ ቆሜ አይቻት ብቻዬን ሳቅሁ።

ለአቶ ታደሰ ሪፖርቱ ሐሰት ነው አልኳቸው። ዐሥሩን ቤት ደግመን ስንዞር ከሁለቱ በቀር ሁሉም ዕቃውን ደብቀውት ነበር፤ ሁሉንም በቢላ ጭረናል አልኳቸው።

«የመንግሥት ንብረት? በቢላ?» ማስመሪያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«አዎ። ከዚህ በኋላም ከመስጠታችን በፊት እንጭራለን።»

ከሥራ የምባረር መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት ቀን አሰቡበትና በሦስተኛው ቀን ከእኔ ጋር አሚና ቤት ሄዱ። ሐዋ በሆዷ ተኝታ ወዲያ ወዲህ ስትል እስክትጨርስ ቆመው ጠበቁ። ሲመለሱ በቅጹ ላይ በማስመሪያ አንድ አዲስ ዓምድ አሰመሩ፤ ርእሱ «የት የት አለቀ?» ይላል። ጥሩ አለቃ ማለት ለእኔ ያ ዓምድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። ፓዌ ያሉ ሰፋሪ እናቶች ጠፍሩን አይተው «ለመሆኑ ይህ ጅራፍ ነው ዥዋዥዌ?» እያሉ ሲያሾፉብኝ፣ ሲመሽ ራሳቸው ተራ ይጠብቁበት ነበር። ካማሺ መንገዱ መኪና ስለማያስገባ ከረጢቱን በአህያ ጭነን፣ አህያዋ ስትደክም ጠጠሩን ደፍተን ከሚቀጥለው ወንዝ ለቅመናል። አለቆችም ብዙ ተፈራርቀውብኛል፤ አንዳንዶቹ ዓምዱን ሰርዘውታል፣ እኔ በእርሳስ መልሼ አሰምሬዋለሁ። ባለ ቀለም የፕላስቲክ ዕቃ ከሩቅ ሲመጣም አልናቅሁትም፤ አንዳንዱ ግሩም ነው። ግን አዲስ ዕቃ ቤት ሲገባ የመጀመሪያውን ጭረት የማወርደው እኔ ነኝ። ሼህ ኢብራሂም ከሞቱ በኋላ ቢላቸውን ልጃቸው ሰጠኝ፤ የጫርኩት ሁሉ በዚያ ቢላ ነው።

ጡረታ ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ በእኔ ቦታ የተተካችውን ፋጡማን ይዤ አሚና ቤት ሄድኩ። ፋጡማ የአሶሳ ልጅ ናት፤ የተማረች፣ ፈጣን፣ እንደ ያኔዋ እኔ ቅጽ የምትወድ። አዲስ የተሠራ የዥዋዥዌ መቀመጫ ተሸክመን ነበር፤ የአሮጌው ጠፍር ለአራተኛ ጊዜ አልቆ ነበርና። ሐዋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። አሁንም አትናገርም፤ ግን ለእናቷ ውኃ ትቀዳለች፣ በመንገዱ ዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው ገበያ ይሄዳሉ። አሮጌው ቀርከሃ በሆዷና በደረቷ ወዝ ጠቁሮ ይታያል። የመጀመሪያው ጭረቴ ጠፍቷል፤ እሱንም ሐዋ ጨርሳዋለች።

ፋጡማ ቅጹን አውጥታ «የአሮጌው ሁኔታ ምን ልበል?» አለችኝ።

«አልቋል በይ።»

«ተበላሽቷል ልበል?»

«አልተበላሸም። አልቋል።»

ጻፈች። ከዚያ አዲሱን ለአሚና በሁለት እጇ አቀረበችና፣ ማንም ሳያስተምራት፣ እኔ በዚያ ዘመን ያልኩትን ደገመችው፤ «እማማ፣ አዲስ ነው፤ አደራ እንዳይ...»

አፌን ልከፍት ነበር። አሚና ቀደመችኝ። ዕቃውን ሳትቀበል ጓዳ ገብታ የሽንኩርት ቢላዋን ይዛ ወጣች፤ እጀታውን ወደ ፋጡማ አዞረችው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ቁረጥ» አለቻት። «ቅርፊቱን ብቻ።»

ፋጡማ እኔን አየችኝ። ቢላዋውን ተቀብላ ቀስ ብላ መጫር ጀመረች፤ ጭረቱን ግማሽ ሳታደርስ ሐዋ መቀመጫውን ከእጇ ነጥቃ ወሰደችው።